የሳሎኑ ቅጠል

ቁጭ በይ እንጂ አክስቴ፣ ምነው ቆምሽ? ዝናቡ አገኘሽ እንዴ? ይኼ ሶፋ ደግሞ እንዴት ይመቻል… ሻዩ እስኪመጣ እንጫወት። የማድ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ይሁን፣ እኛ ምን የምንደብቀው አለን?

ቅጠሉን አየሽልኝ? ከተቆረጠ ስንት ጊዜው፣ አሁንም ያብረቀርቃል። ሥር የለው፣ አፈር የለው… እንክብካቤ ብቻ። ስንገባ የወንድሜ ሚስት ስታስረዳን ሰምተሻል፤ እንደ ልቡ እንዲጠጣ እግሩን በሰያፍ ትቆርጥለታለች። እንዳይበሰብስ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ትለቅምለታለች። ማስቀመጫውን በበረኪና አጥባ፣ በየማለዳው አዲስ ውሃ። ወንድሜ እድለኛ ነው ስልሽ… እንዲህ ያለች ሴት ከየት ይገኛል?

እማዬን ገብቼ ሳምኳት። ደህና ናት። ራስጌዋ ብርጭቆ አለ፣ ውሃም አለበት። ትንኝ ገብታ ሞታበታለች እንጂ ውሃስ አለ።

ፀሐይ ቅጠል ታጠወልጋለች አለችን አይደል? መጋረጃው ለዚያ ነው የተዘጋው። እማዬ እዚህ መስኮት ሥር መሞቅ ትወድ ነበር፤ ወንበሯ ጓዳ ገባ። ታዲያ ቅጠሉ ይጠውልግ?

የበሰለ ሙዝ አጠገቡ ከዋለም ቶሎ ቢጫ ይሆናል አለች። እኔ ሞኟ፣ ሙዙን እማዬ ክፍል ሳየው ደስ አለኝ… ለካ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። እጇ አይደርስም። ግን ከአልጋዋ ሆና በደንብ ይታያታል፤ ይኼም አንድ ነገር ነው።

ቅዝቃዜ ደግሞ ዕድሜ ያረዝማል ብላ የኮሪደሩን መስኮት ገርበብ አድርጋዋለች። የእማዬ ሳል ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው… እሷንም ልታሰነብታት አስባ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

እኔ መቼም ቅጠል መያዝ አልችልበትም። የምችለውን ይዤ ልሂድ ብዬ የእማዬን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ታክሲው ደጅ ነው። ሻይዋን ጠጥተን እንነሳለን፣ ቅር እንዳይላት።

ማድ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ልብ ብለሻል? ብርጭቆው መንኳኳቱን ተወ… ከሰማችም እሰየው፣ ልመርቃት ነው። አንቺ አሜን በይልኝ።

ዕድሜ ይስጣት። እጇ አይዛል። ስታረጅ ጧሪ አያሳጣት… ልጆቿ መቼም ሁሉን እያዩ ነው የሚያድጉት፤ እሷ እማዬን እንደያዘቻት፣ ልክ እንደዚያው አድርገው ይያዙልን።