ስኳር የሌለበት ማር

ቦንጋ ላይ ዝናብ የማያስተዋውቀው ሰው የለም። ዕፀገነትንም ከሺሺንዳ መኪና እንደወረደች አሯሩጦ ያስጠጋት መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ከአቶ ወልደ ማርያም የማር ሱቅ ነው። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችና፣ «ጋሼ፣ ማሩ ስኳር ገብቶበታል እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

አቶ ወልደ ማርያም ከቢታ ገነት ለሚያስመጡት ማር እንደ ልጅ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ይህን ጥያቄ ከመንገደኛው ሁሉ ሲሰሙ ከርመው አንጀታቸው አሯል።

«ልጄ፣ ተምረሻል?»

«አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ።»

«ታዲያ ማንበብ ምነው አቃተሽ? ‹ስኳር የሌለበት ማር› ነው የሚለው። ዋና ዋናው ቃል ይጉላ ብዬ ያጻፍኩት እኔው ነኝ።»

እውነትም ይላል። ግን «ስኳር» እና «ማር» በቀይ ቀለም ገዝፈው፣ «የሌለበት» በሁለቱ መካከል ተሸማቅቆ ተቀምጧል። ዕፀገነት ሳቋን ዋጠችው።

«ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?»

«ግራፊክ ዲዛይን።»

ይህን ጊዜ ልጃቸው የምሥራች ማር ማጥለሏን ትታ ከጓዳ ብቅ አለች። አባትና ልጅ ሰሞኑን የተኳረፉት በዚሁ ነገር ነበር።

«ለዚህችም ዩኒቨርሲቲ ይኸው ትምህርት ደርሷታል» አሉ አቶ ወልደ ማርያም። «ወይ ወደ አካውንቲንግ ትቀይራለች፣ ወይ እዚሁ ትቀመጣለች ብያለሁ። ሥዕል ለመሣል ዲግሪ? ደግሞስ ዛሬ ስልኩ ራሱ ይሠራው የለም?»

«ስልኩማ ያሳምርልዎታል» አለች ዕፀገነት፤ «በመኪና መስኮት እያየ የሚያልፈው ሰው ዓይን የቱ ላይ ቀድሞ እንደሚያርፍ ግን አያውቅልዎትም። እኔም ስጀምር ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ነበር የምውለው። መምህሬ አስነሥታ እርሳስ አስያዘችኝ። ‹መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ጠይቂ፤ ደጋግመሽ ንደፊ፤ ያላለቀውን ሥራ ለሰው ለማሳየት አትፈሪ› አለችኝ። ያኔ ሥራዬ ሲነቀፍ አለቅስ ነበር። አሁን የሚነቅፈኝን ፈልጌ ነው የምሄደው።»

ከዚያ ወደ የምሥራች ዞር አለች። «እስቲ ካርቶንና ከሰል አምጪ።»

የምሥራች በመጀመሪያ «የሌለበት» የሚለውን አግዝፋ ጻፈች።

«አሁን ደግሞ ማሩ ያለቀ መሰለ» አለች ዕፀገነት።

ሦስቱም ሳቁ፤ አባትየው ሳይወዱ። የምሥራች አልተቀየመችም። መንገዱን ትንሽ አየችና ካርቶኑን ገልብጣ «ንጹሕ ማር» ብላ በትልቁ፣ ከሥሩ «ከቢታ ገነት» ብላ በትንሹ ጻፈች።

«ስኳሩስ?» አሉ አባት።

«አባዬ፣ የሌለን ነገር ለምን እንጠራለን?»

ዝናቡ ሲያባራ ካርቶኑን ደጃፉ ላይ አቆመችው። ወዲያው ወደ ዋጫ ከሚሄደው መኪና አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «የቢታ ማር ገባ እንዴ? አንድ ኪሎ ይድረሰኝ!» አለች። አቶ ወልደ ማርያም ማሩን አቀብለው ሲመለሱ አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ ሰሌዳቸውን አዩ። ያን ሁሉ ጊዜ መንገደኛውን የተቀየሙት በከንቱ ነበር።

«ጤና ጣቢያ የሚለጠፈው የክትባት ማስታወቂያም እንዲሁ ነው ማለት ነው?» አሉ።

«እንዲሁ ነው ጋሼ። የመድኃኒቱ አወሳሰድም፣ የልጆች መማሪያ መጽሐፍም። እዚያ ላይ ቃሉ ያለ ቦታው ሲገባ የሚቀረው ገበያ ብቻ አይደለም፤ ሰው ይጎዳል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ዝናቡንም ጭምር አመሰግናለሁ።»

በርጩማ ላይ ወጥተው አሮጌውን ሰሌዳ አወረዱና አቧራውን በጋቢያቸው ጠራረጉት። ከዚያ ለየምሥራች ሰጧት።

«ይህን ይዘሽ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ ሂጂ። ለምን መጣሽ ያሉሽ እንደሆነ አሳዪያቸው። አባቴ ነው ያጻፈው በያቸው።»