ከቀለሙ በፊት ግንቡ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ። ዓብዱልሰላም፣ አንተም ቁጭ በል፤ መጀመሪያ የማነሳው ያንተን ጉድ ስለሆነ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል።

እትዬ ርግኣት ወደ ፓርክ ጽሕፈት ቤታችን የመጡ ቀን ማን እንደተቀበላቸው ታውቃላችሁ? ይሄ ጥበቃችን ነው! የጥገና እቅድ ባለሙያ ሆነው መመደባቸውን ማን ይንገረው? እሳቸው ቢሮ ከመግባቴ በፊት ፓርኩን ልየው ብለው፣ ሣሩ ላይ ፌስታል አንጥፈው ቁጭ ብለዋል። ዱላውን ይዞ መጣላቸዋ።

«እናት፣ ሣር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው።»

«ታዲያ የት ልቀመጥ?»

«አግዳሚው ላይ ነዋ!»

«እሺ፣ እግር ያለውን አሳየኝና ልነሳ።»

ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፣ አጣ። አጥቶስ ዝም አለ? «እንግዲያው ቆመው ይናፈሱ!» አላቸው እንጂ። ያን ዓመት መጀመሪያ የተጠገነው ምን እንደሆነ እንግዲህ ገምቱ።

እኔ የአትክልተኞቹ አስተባባሪ ሙፊዳ፣ እቅድ ማለት ቢሮ ተዘግቶ የሚጻፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። እትዬ ርግኣት ግን የትኛው ሥራ ይቅደም ሲባል የጥገና ኮሚቴያችንን በሙሉ እየነዱ እቦታው ይወስዱናል። ስለ ሽንት ቤት የሚከራከር ሰው ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚከራከረው። አንድ ቀን ኃላፊያችን አቶ ሙኒር አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው «ገብቶኛል እትዬ፣ በቃ ይቅደም!» ቢሉ፣ እሳቸው ረጋ ብለው «ኧረ ተቃውሞ ያለው ይናገር እንጂ፣ ምን ያስቸኩለናል?» አሉ።

ሁሉ ግን አልሰመረላቸውም፤ ዛሬ ተሸኚ ናቸው ብዬ አላልፋቸውም። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ላለው የልጆች መጫወቻ፣ የሸርተቴውን ቦታ የመረጡት ራሳቸው ናቸው። የብረት ሸርተቴ፣ ጥላ በሌለበት! ልጆቹ አንወጣም አሉ። «ሰበብ ነው፣ እኔ ልሞክረው» ብለው ወጡ፤ ያውም በቀትር። አወራረዳቸውን አልነግራችሁም፤ ጩኸታቸውን ግን የታክሲ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ጥሪያቸውን አቁመው ሰሙት። ታች ደርሰው ቀሚሳቸውን እያራገፉ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ሙፊዳ፣ እዚህ ጋ ዛፍ ያስፈልጋል።»

እንግዲህ የኛን ቤት አመል ታውቁታላችሁ። ሰኔ ሲቃረብ የተረፈው በጀት እንዳይመለስብን ቀለም እንገዛለን። የተቀባውን አጥር ደግመን እንቀባለን። የቀለም ሥራ ቶሎ ያልቃል፣ ከመንገድ ይታያል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። አንዱን ዓመትማ ሊፈርስ የተወሰነ አጥር ቀብተን፣ ሳይደርቅ አፈረስነው፤ እጃችን ቀለም በቀለም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታችን በክርን ነበር።

ጌጃ ሰፈር ያለችው ትንሿ ፓርካችን ደግሞ የድጋፍ ግንቧ ከሥሯ ወዳሉት ቤቶች ተንጋዶ ነበር። አምና ክረምት መግቢያ ላይ፣ የአዲሱ ዓመት በጀት ለአንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ይበቃል ሲባል፣ ብዙዎቻችን ዋናው በር ላይ ፏፏቴ ይሠራ አልን። እትዬ ርግኣት ክርክር አልገጠሙም። ዝናብ ጠብቀው፣ ከግንቡ ሥር የምትኖረው መይሙና ቤት ወስደው አስቀመጡን። ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፤ መይሙና ባልዲ ትቀያይራለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሏት አቶ ሙኒር።

«ባልዲውንስ ለምጄዋለሁ» አለች። «ግንቡን ነው ያልለመድኩት። አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።»

ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ፏፏቴውስ?» ቢል፣ እትዬ «ፏፏቴማ አየኸው አይደል፣ መይሙና ቤት!» አሉት። ግንቡ ተጀመረ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ግን ለእሱ የተመደበው ገንዘብ አለቀ። የመይሙና መኝታ ቤት ዳነ፤ ማድቤቷና የጎረቤቶቿ ወገን እንደተንጋደደበት ቀረ።

እትዬ ርግኣት፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። ባለፈው ሳምንት መሳቢያዎን እያጸዱ ሳለ «ሙፊዳ፣ እኔ ከወጣሁ የቀረውን ግንብ ቀለም ይበላዋል» አሉኝ። ልማዳችንን አውቀዋለሁ። ካርቶኑን አሰርኩልዎ።

ዛሬ ጠዋት ኬክ ልናመጣ ነው ብለን ወጣን አይደል? ኬኩ ትናንት ነው የመጣው። መይሙና ጋ ነበርን፤ ኮሚቴው በሙሉ፣ እርስዎ ሳይነዱን። ማድቤቷ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ አቶ ሙኒር ትንሿ ዱካ ደረሰቻቸውና ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ገባ። አልዋሽዎትም፣ ቀለም ያለም ነበር። «አጥሩ ገርጥቷል፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል?» አለ።

መይሙና ከበሩ ሆና «እንግዳውን እኔ ጋ ላኩት፤ ግንቡን እያየ ምሳ ይብላ» አለችው።

ሳቅን። ከዚያ ግንቡን ቀና ብለን አየነውና ሳቁ ጠፋ። አቶ ሙኒር ከዱካዋ ሳይነሱ «ቀለሙ ይቅር» አሉ። ከሌሎች ሥራዎች የተረፈው በጀት ለግንቡ ሆኗል፤ ፊርማውም አልቋል። ሰኞ ድንጋይ ይራገፋል፤ ክረምት ሳይገባ ይደርሳል።

ኧረ አያልቅሱ! እኔንም ሊያስለቅሱኝ ነው፣ ገና ምስጋናዬን ሳልጨርስ። ስብሰባ ላይ አፌን በነጠላዬ ይዤ ስናገር «ጮክ በይ ሙፊዳ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም» እያሉ ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው ዛሬ ማን ያስቁመኝ! ፈጣሪ ውለታዎን ይክፈልልን።

በሉ ተነሱ። ጠጅ የያዘ በጠጁ፣ እንደኔ ለስላሳ የያዘ በለስላሳው። እትዬ፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ የልጅ ልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎ። ዘንድሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ለማንም ቤት ሳይሰጉ፣ ጋቢዎን ተከናንበው እንቅልፍዎን ይተኙ።

ለእትዬ ርግኣት ጤና!