አልማዝ ማናት?

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሂርና በምትሄደው ላንድሮቨር ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አይተዋወቁም። ነጠላ የለበሰችው ትጠይቃለች፤ ሻሽ ያሰረችው ትመልሳለች።

«ከሆስፒታል ነው?»

«አዎ። ባሌም አምና እዚያ ነው የሞተው።»

«ነፍሱን ይማር። ምን አግኝቶት?»

«ሳል። አፉ ውስጥም ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶ መዋጥ አቃተው። መጀመሪያ ግን አልማዝ ናት የያዘችው።»

«አልማዝ ባለጭራ?»

«እኔ የት አውቄ! ያኔ አማርኛዬ ትንሽ ነው። ድሬሰሩ ‹አልማዝ ናት የያዘችህ› ሲለው በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ባሌ ደግሞ ሾፌር ነው፣ አሰብ ነው የሚያድረው። ‹አልማዝ ማናት?› ብዬ ወላሂ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮህኩበት።»

«ውይ! እሱስ?»

«ሳቀ። ወገቡን የከበበውን ቁስል ገልጦ ‹አልማዝ ይቺውና!› አለኝ።»

ነጠላ የለበሰችውም ከት ብላ ሳቀች።

«ዛሬስ ምን አመጣሽ?»

«እኔንም ያዘችኝ። ሐኪሙ ‹አዲሱ በሽታ እንዳይሆን› ብሎ ደሜን አዲስ አበባ ላከው።»

«አይዞሽ፣ አልማዝ እንደሆነ ይድናል።»

«የሱም ድኖ ነበር።»

ሳቄን ልደብቅ አፌ ላይ የጫንኩትን መዳፍ ሂርና እስክንደርስ አላነሳሁትም።