የመሥራቿ ወንበር

ይቀመጡ አማቼ፣ ይቀመጡ። እዚህ መስኮቱ ጋ ይሻላል፣ ብርሃን አለው። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያቺ የልጅ ልጃችን ጥርስ አወጣች አሉኝ... እሰይ! እሷ ስታወጣ እኔ እየጣልኩ ነው። ትነክሳለች ይላሉ፤ በማን ወጥታ ይሆን? በእኔ እንዳይሉኝ ብቻ። እኔ መች ክፉ ወጥቶኝ ያውቃል?

ቤቱን እንዴት አገኙት? ያምራል አይደል? እንግድነት መጥተው ይሄን ሳላሳይዎ ብሸኝዎ ሰው ይታዘበኛል። «መቶ ዓመት የሞላው ታሪካዊ መጠጥ ቤት» ይላል በሩ ላይ፣ አነበቡት? ባለቤቱ ነው ያጻፈው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ባንኮኒው ጋ የቆመው... ኧረ ዞረው አይዩ! ጆሮው እንደሁ ድሮም ጥሩ ነው። ልቡም ጥሩ ነው። ብዙ ስላልተጠቀመበት እስካሁን እንደ አዲስ ነው።

ይጠጡ እንጂ! ምነው፣ ብርጭቆው አነሰብዎ? አይ፣ ታሪክ አብሮ ስለሚቀዳ ነው። ድሮ ታሪክ ሳይኖረን ቢራው እስከ አፉ ይሞላ ነበር።

ባንኮኒው ጫፍ ላይ ጎድጎድ ያለው ቦታ ይታይዎታል? «የታላላቅ ሰዎች ክርን ያረፈበት» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። እኔ የማውቀው የአክስቱን ክርን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያች ጋ ተደግፋ ስትቀዳ፣ ስትወለውል፣ የሰፈሩን ሁሉ ብሶት ስታዳምጥ... እንግዲህ ታላቅ ሰው ያለው እሷን ይሆናል። ሳላጣራ ልወቅሰው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ!

ቤቱን የከፈተችው እሷ ናት። እናቱ ስትሞትበት ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ ከዚያ ባንኮኒ ኋላ እግሯ ሥር እያስተኛች አሳደገችው። አስተማረችው፣ ዳረችው፣ ጉልበቷ ሲደክም ቁልፉን በእጁ አስያዘችው። እሱም ውለታ አይረሳም። ያቺን ወንበር ይዩልኛ... በቀይ ገመድ የታጠረችውን፣ የአክስቱ ፎቶና መብራት ከበላይዋ ያለባትን። «የቤቱ መሥራች ትቀመጥባት የነበረች የመቶ ዓመት ወንበር። መቀመጥ ክልክል ነው።» አዩ አከባበር?

የሠራኋት እኔ ነኝ። በእኔ መዶሻ፣ በእኔ መጋዝ፣ ልጄ በተወለደች ሳምንት፣ ከባንኮኒው በተረፈ እንጨት። እንግዲህ ወንበሯ መቶ ዓመት ከሆናት ልጄም መቶ ሞልቷታል ማለት ነው። ይቅርታዎን አማቼ፣ ለልጅዎ የመቶ ዓመት ባልቴት ነው የዳርንለት! ያውም አምና የወለደች...

መቼም የተማረ ሰው ነው፣ ስሌት ያውቃል። ቤቱ መቶ ዓመቱ ከሆነ የከፈተችው ሴት ቁጭ ብላ እንግዳ ብትቀበል ነገሩ እንዴት ይገጥማል? ታሪኩ እንዲረዝም የግድ የሷ ዕድሜ ማጠር ነበረበት። ምን ያድርግ? «ትቀመጥባት የነበረች» ብሎ ጻፈ። አልሞተችም እኮ! ያ ከመጋረጃው ኋላ የሚንኳኳው ዕቃ ማን ይመስልዎታል? ይሄን ብርጭቆዎን ያጠበችው እሷ ናት። ስትደክም ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አረፍ ትላለች፤ ወንበሯ እንደሁ ክልክል ነው። ሕጉ ለእንግዳውም ለወንበሯ ባለቤትም እኩል ነው፣ አድልዎ አያውቅም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እሱ ግን ብልህ ነው... የብብቱን ቆጥ ላይ ሰቀላት።

ባለፈው እሑድ አንዲት እንግዳ ፎቶውን አየችና «ነፍስ ይማር!» አለች። ከመጋረጃው ኋላ ምን ተሰማ መሰለዎት? «አሜን!» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም።

በማግስቱ ጠጋ ብዬ ለመንኩት። «ወገቧን ያማታል፣ ከሰዓት ከሰዓት እንኳ ወንበሯን ስጣት» አልኩት። «ቅርስ ነው፣ ይጎዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወገብ ቢጎዳ ማን ያየዋል? «እሺ፣ እኔ ሌላ ልሥራላት» ስለው ደግሞ «አዲስ ወንበር ከቤቱ ጋር አይሄድም» አለ። ይሄን የመሰለ ጠንቃቃ! ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። ይሄ ግን ንፍጡን እየጠረግን ባሳደግነው ሰዎች መሀል... ድፍረቱን አደንቅለታለሁ።

ግን ቤቱ ደስ አይልም? መጥቶ ማየት ነው እንጂ በወሬ አይሆንም። ለጎረቤትዎም ይንገሩልን። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው እንዲያዩም ይምከሯቸው፤ እውነተኛው ቅርስ እዚያ ነው፣ ያውም ያለ ገመድ።

መጣ፣ መጣ... እንዴት ነህ የእኛ ጌታ! አማቼ ናቸው፣ ቤትህን ወደዱልህ። ደግ ደጉን ሳወራላቸው ነው ያገኘኸን። ልጆችህስ አደጉ? ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚሁ ነው የሚውሉት አሉ። እሰይ፣ ይዋሉ! የአባትን ሥራ አጠገቡ ሆኖ እንደማየት ያለ ትምህርት የት ይገኛል? ደግሞ ብልሆች ናቸው፣ ያዩትን አይረሱም ሲሉ ሰማሁ።

በል ልመርቅህ፣ ጎንበስ በልልኝ። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፤ መቶ ዓመት ኑር፣ የእውነቱን መቶ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ። አክስትህን በያዝክበት እጅ ልጆችህ ይያዙህ። ፎቶህን ከፍ አድርገው ይስቀሉልህ፤ ወንበርህንም ማንም እንዳይቀመጥባት አጥረው ያክብሩልህ።

አሜን በል እንጂ!