«ባሕሩ ተነፈሰ»

መረብ ጠጋኝ ነኝና የዚያን ብርቱ ብርድ ማለዳ ክር ልገዛ ስወጣ፣ ጎረቤቴ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከጀልባቸው አጠገብ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሲሟገቱ ደረስኩባቸው። ልጅቱን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የአየር ጠባይ ትምህርት ተምራ ለዕረፍት መምጣቷ ነበር። ከባሕሩ ላይ ነጭ እንፋሎት እንደ ጭስ ይትጎለጎላል።

«መረቤ ውኃ ውስጥ ከገባ ሦስት ቀኑ! ዛሬ ደግሞ ባሕሩ ተንፍሷል፤ እሄዳለሁ» አሉ።

በእኛ ወደብ እንፋሎት ሲነሣ «ባሕሩ ተነፈሰ» እንላለን፤ ንዴቱ ወጣለት ማለታችን ነው።

«አጎቴ፣ አልተነፈሰም፤ እየተገፈፈ ነው።»

«ደግሞ ማን ገፈፈው? ሽፍታ?»

«ብርዱ ነዋ! ባሕሩ በሙቀቱ ወራት ያጠራቀመውን ሙቀት ደረቁና ቀዝቃዛው አየር ከነእርጥበቱ ይወስድበታል። ከታች የሞቀው አየር ሲነሣ፣ ከላይ ያለው ብርቱ ነፋስ በምትኩ ይወርዳል። እዚህ ጸጥ ያለው ገደሉ ስለጋረደን ነው።»

«ውኃ ላይ የሸበትኩትን ሰውዬ በወረቀት ልታስተምሪኝ?»

«ወረቀቱን ይተዉትና ገመዱን ይንኩት።»

ቅድም ከውኃ ያወጡትን ገመድ አነሡት። በረዶ ሆኖ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ በእጃቸው ቆመ።

«የማዕበሉ ፍንጣቂ ጀልባው ላይ እንዲህ ከተጋገረ ከላይ ይከብዳል፤ ከላይ የከበደ ጀልባ ደግሞ ይገለበጣል።» «አባቴም ወጥቶ የቀረ ዕለት ‹ተንፍሷል› ብሎ ነበር።»

እኔ «አቤቱ፣ የሚሰማ ጆሮ ስጣቸው» አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ገመዱን ትክ ብለው አዩት።

«ያን ዕለት ‹ሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ጎንበስ ብለውም ጀልባዋን በሌላ ገመድ ሁለት ጊዜ አሰሯት።

«መረቡስ?» አልኳቸው።

«ለመረቡ አንተ አለህልኝ። እሷ ግን ከእኔ በቀር ማን አላት?»

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ገደሉን ዞሮ መጣ። የታሰሩት ጀልባዎች እንኳ እርስ በርስ ሲላተሙ፣ ሦስታችንም ቤቴ ገብተን በሩን ዘግተን አዳመጥን። ማንም ወደ ባሕር አልወጣም ነበር፤ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህ የወደባችን ሰው እንፋሎት ሲያይ «ባሕሩ እየተገፈፈ ነው» ይልና ጀልባውን ያስራል፤ መረብ ይጠፋብናል እንጂ አባት አልጠፋብንም። አንዲት ቃል ብትታረም ይህን ያህል ቤት ትጠብቃለች። ሽማግሌው ግን ያቺን ቃልም አይጠሩም፤ እንፋሎት ባዩ ቁጥር አስቀድመው ገመዱን ይዳስሳሉ።