የሕዝቅያስ በለስ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሞኝ አይደሉም፤ የያዙትን ባለመልቀቅ ግን ወረቀትንም ያስንቁ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ሁሉ ቢጫ መስመር እንዲቀባ፣ ተሳፋሪውም ቀበቶ እንዲያስር በታዘዘበት ዓመት የያዙትን ነገር እሳቸው «መታዘዝ» ይሉት ነበር።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኢስትሊ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በዚያችው ምግብ ቤት አንድ ልጃቸውን ሕዝቅያስን ያሳድጋሉ። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪም ባዘዘለት ኪኒን ደህና ሰንብቶ፣ መውደቁም እየተረሳ መጥቶ ነበር። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ግን የማኅበር ጓደኛቸው ወይዘሮ ወርቂቱ፣ «በአንድ እጅ ጠበል፣ በአንድ እጅ ኪኒን! በሁለት ልብ ሆነሽ እግዚአብሔር እንዴት ይስማሽ?» አሏቸው። ነገሩ አንጀታቸው ገባ። ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፍተው፣ «ልጄን በጠበልህ ብቻ ማርልኝ፤ ሌላ መድኃኒት አላስነካውም» ብለው ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ይወድቅ ጀመር፤ ደጋግሞ ወደቀ። እሳቸው ግን በወደቀ ቁጥር «እየፈተነኝ ነው» እያሉ ባሰባቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታስረዱታላችሁ? ማስረጃው ሁሉ ለእሱ ፈተና ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሀገር ቤት በሞያሌ በኩል የመጣላቸውን ጠበል መሃል ከተማ ካረፈ ዘመድ ተቀበሉ። ጀሪካኑን እግራቸው መሃል፣ ልጃቸውን ከጎናቸው አድርገው በማታቱ ወደ ኢስትሊ ሲመለሱ ሮሃ ተሳፈረች። ሮሃ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ተወልዳ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አድጋ፣ አሁን ነርስነት ትማራለች።

«እትዬ ጥሩወርቅ! እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።»

ሮሃ ልጁን አየችው። ግንባሩ አብጧል፤ ከአፍንጫው ሥር ቀይ ቃጠሎ አለ። «ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?» ብላ ሳትጨርስ የሕዝቅያስ ዓይን ተገለበጠ፤ ሰውነቱ ተገትሮ ከቀበቶው ጋር ይታገል ጀመር።

«ክብሪት!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ያገር ሰው። «እንዳትነኩት! ክብሪት አሽትቱት!» ወዲያውም ጭሮ እሳቱን ወደ ልጁ አፍንጫ ሰደደ።

ሮሃ እፍ ብላ አጠፋችበት። «ይቅርታ ጌታዬ፤ ክብሪቱ የሠራውን ፊቱ ላይ እያየሁት ነው።» ቀበቶውን ፈታች፤ በጎኑ አስተኛችው፤ ሻርፗን ከራሱ ሥር አደረገችና ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። አፉ ውስጥ ምንም አልጨመረችም። መንቀጥቀጡ ሲቆም የማታቱው ረዳት በስዋሂሊ «ሹካ! ሹካ!»፣ ውረዱ ውረዱ፣ እያለ አስወረዳቸው። ተሳፋሪውም ርኩስ ነገር የወረደ ይመስል ተነፈሰ።

አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተኛ።

«እትዬ፣ ኪኒኑ ተቋርጦበታል?»

«አልተቋረጠበትም፤ እኔ ነኝ ያቋረጥኩት» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «የእናትሽ ልጅ ስለሆንሽ አከብርሻለሁ፤ ግን ልትመክሪኝ ከሆነ ድካምሽን ቆጥቢ። እኔ የታዘዝኩትን ፈጽሜያለሁ።»

«ማን አዘዘዎት?»

«እግዚአብሔር!»

«በማን አፍ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሊናገሩት የነበረው ስም ግን የወርቂቱ ነበርና መልሰው ዘጉት። «ነገር አታጣምሚ። እምነት ማለት መደገፊያን ጥሎ መቆም ነው።»

«መደገፊያውን የጣሉት እርስዎ ነዎት፤ እየወደቀ ያለው ግን እሱ ነው።»

ይቺ ቃል አልተዋጠችላቸውም። ንዴታቸው ከእግር እስከ ራሳቸው ወጣ። «አንቺ ልጅ! ሁለት ዓመት ነጭ ጋውን ስለለበስሽ የአባቶቼን ጠበል ልትንቂ ነው?»

«እኔ? እናቴ በጠበል አይደል ያሳደገችኝ? አሁንም እጠጣለሁ። ይጠጣ፣ ይጠመቅ፤ ይሄ ጀሪካን ሲያልቅ ሌላ ያስመጡለት። ጠበሉ ኪኒን ጥሉ ብሎ ያውቃል? ቄሱስ ብለውዎታል?»

«ቄሱን አልጠየቅኩም» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን አነሱ። «ስለት አለብኝ! ስለት በልቼ በልጄ ላይ መቅሠፍት ላምጣ?»

«ስለት ሰው በገዛ ነገሩ ነው የሚሳለው። የራስዎን ሆድ ይሳሉ፣ የራስዎን ጌጥ ይሳሉ። በልጁ አካል እንዲሳሉ ማን ፈቀደልዎት?»

«እኔ አይደለሁ የወለድኩት!»

«ወለዱት። በክርስትናው ቀን ለማን ሰጡት?»

በመንገዱ ማታቱዎች ጥሩምባ እየነፉ አለፉ። የሁሉ ስር ፍርሃት ነበር፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ባላቸው ሲታመም ጸሎታቸው ያነሰ ይመስላቸው ነበር። ሲሞት ደግሞ እርግጠኛ ሆኑ። አሁን ልጃቸውም በእሳቸው እምነት ማነስ እንዳይሄድባቸው ብለው ነበር እንዲህ ግትር ያሉት። ልባቸው እየራደ አፋቸው ይሟገታል።

ሮሃ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች። «እትዬ፣ ለምን ሕዝቅያስ አሉት?»

የእናት ፊት ለአፍታ በራ። «እርጉዝ ሆኜ ለሞት ደርሼ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከራስጌዬ ተቀምጠው የንጉሡን ታሪክ አነበቡልኝ። ትሞታለህ ሲባል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም እንባውን አይቶ ዕድሜ ጨመረለት። ልጄ ወንድ ከሆነ በስሙ እጠራዋለሁ አልኩ።»

«ከዚያስ? ንጉሡ እንዴት ዳነ?»

«እግዚአብሔር አዳነዋ!»

«ለሞት ያደረሰው እባጭ ላይ ምን አደረጉለት?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የአባታቸው ድምፅ መጣባቸው፤ ንባቡን ቃል በቃል ያውቁታል። «በለስ» አሉ። «የበለስ ጥፍጥፍ።»

«ማን አዘዘ?»

«ነቢዩ።»

«እግዚአብሔር እፈውስሃለሁ ካለ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

«...በኋላ።»

«ታዲያ ንጉሡ፣ በለሱን ውሰዱልኝ፣ እምነቴን ያጎድልብኛል አለ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላለም። አስደረገ።» ቀጥለውም፣ «አባቴ ይቺን ሲያነብቡ ሁልጊዜ ፈገግ ይሉ ነበር» አሉ።

ይህን ጊዜ ልጁ ነቃ። እጁን መጀመሪያ የሰደደው ወደ አፍንጫው ነበር፤ ክብሪት እንዳልነካው ሲያውቅ እናቱን ቀና ብሎ አያት።

«ሶሪ ማሚ» አለ። «ዛሬም ወደቅኩ። ግን ፕሮሚስ፣ እየጸለይኩ ነው።»

ሮሃ ብዙ ማስረጃ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱም አላስፈለገም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን እቅፍ አድርገው በዚያ ሁሉ መንገደኛ ፊት አለቀሱ። ለካ በሽታው አንሶት ጥፋቱንም አሸክመውት ኖሯል። ለካ ልጁ በወደቀ ቁጥር ራሱን በደለኛ ያደርግ ነበር።

«ተነሺ» አሏት ሮሃን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው። «በለሱን የት ነው የምንገዛው?»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ። የተቋረጠ ኪኒን ዝም ተብሎ አይጀመርም፤ መጠኑን እሱ ይወስናል። ከእንግዲህም ሐኪሙ ሳይል አንድ ቀን እንኳ አያቋርጡበት፤ እንዲህ ያባሰበት ድንገት መቋረጡ ነው።»

ሄዱ። ስለቱን በተመለከተ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቄሱን ጠየቁ፤ ቄሱም፣ «ልጁን ይዘሽ ወደ ሐኪም፤ ስለት ካልሽ በራስሽ ጉሮሮ ተሳይ» አሏቸው። ቁርጥ ሥጋ ነፍሳቸው ነበር፤ እሱን ተዉ። በገዛ ምግብ ቤታቸው ደንበኛ ሁሉ ቁርጥ ሲቆርጥ እሳቸው ሽሮ እያላመጡ ይቀመጣሉ፤ «ባለቤቷ ያልበላችውን ማን ይበላል?» የሚል ቀልደኛም አልጠፋ።

ሕዝቅያስ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ግንባሩ ዳነ፤ ሳቁ ተመለሰ፤ ብቻውን ወደ ሱቅ መላክም ጀመረ። ግን ኪኒን እንደ ክብሪት ጭረው የሚያበሩት ነገር አይደለም፤ ሰውነት እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ልጁ ወደቀ።

«ክብሪት!» አለ አንዱ።

«ክብሪትህን ኪስህ ክተት!» ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተንበረከኩ፤ ልጃቸውን በጎኑ አስተኙ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ከሰዉ መሃል ብቅ አሉ። «አላልኩሽም? ይኸው ኪኒንሽ! ስለትሽን በልተሽ፣ እምነትሽን ጥለሽ ምን አተረፍሽ?»

«ልጄን!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። «ኪኒኑን ስከለክለው በየሳምንቱ ነበር የሚወድቀው፤ አሁን ይቺ ከስንት ጊዜ በኋላ ናት። ጠበሉም የእግዚአብሔር፣ ኪኒኑም የእግዚአብሔር፣ ሐኪሙን የፈጠረም እሱ። ነቢዩ በለስ ሲያዝ አንቺ ብትኖሪ ንጉሡንም እምነት የለህም ትይው ነበር! እኔ ለአምላኬ እታዘዛለሁ፤ ለአንቺ ምላስ ግን ከዛሬ ጀምሮ አልታዘዝም። ቢወድቅ አነሣዋለሁ። እየጸለይኩ አነሣዋለሁ፣ ኪኒኑን እየሰጠሁ አነሣዋለሁ። አሁን ከቻልሽ ነጠላሽን አቀብይኝ፣ ካልቻልሽ ንፋስ አትከልክይው!»

ወይዘሮ ወርቂቱ ፊታቸው ቀላ፤ ዘወር ብለው ሊሄዱም አሰቡ። ግን የልጁ ራስ የግቢውን ድንጋይ ሲመታ አዩ። አጎንብሰው ነጠላቸውን አጣጠፉና ከራሱ ሥር አስገቡለት።

«ከዚያስ ምን ይደረጋል?» አሉ በቀስታ።

«ምንም። አብረነው እንጠብቃለን።»

መንቀጥቀጡ ቆመ። ሕዝቅያስ ዓይኑን ሲገልጥ ሁለቱ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ተንበርክከው ነበር።

«ሶሪ ማ...»

«ዝም በል!» አሉት እናቱ ግንባሩን እየሳሙ። «ሁለተኛ ሶሪ እንዳትለኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም።»