በሶ የጠጣችው ፊያት

«ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርቱ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ ያማረው፣ ዐፊፋዬ? ፍሬው ደንዳና… ልጣጩ ደግሞ እሺ ባይ። እጅ አያስቸግር፣ ምን አያስቸግር።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ያሉት ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ባለው ግቢያቸው፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ጎረቤታቸው ዐፊፋ በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀምጣ አብራ ትልጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከሁለቱ ሴቶች ፈንጠር ብላ፣ ኮፈኗን ከፍታ፣ የወይዘሮ ደብሪቱ ግራጫ ፊያት ቆማለች። ከኮፈኑ ሥር ዘገዬ አለ፤ ወገቡን አጥፎ፣ በሁለት እጁ ራዲያተር ደግፎ፣ የብሎን መፍቻውን በጥርሱ ነክሶ።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ሲሰማ ዘገዬ ጀርባውን ቀዘቀዘው። ወይዘሮ ደብሪቱ ነገር የሚጀምሩት ከሩቅ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከሽንኩርት ተነስተው ወደ አየሩ፣ ከአየሩ ወደ በርበሬው መጥፋት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሰው ይመጣሉ። ሰውየውን በስሙ አይጠሩትም። ፊታቸውንም ወደ እሱ አያዞሩም። ብቻ ያመሰግኑታል፤ የተመሰገነውም ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ዘገዬ በሥላሴ በኩል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ካርታ የሚነድፍ፣ አንድ መስመር አስምሮ ደጋግሞ የሚለካ፣ ለክቶም ልኩን የማያምን ጠንቃቃ ልጅ ነው። ነገ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ሽማግሌዎቹ የወይዘሮ ደብሪቱን አንዲት ልጅ፣ ምብራትን፣ ለመጠየቅ እዚህ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ እሺም እምቢም አላሉም። ለልጃቸው የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ መኪናዋ እንደ ነበረች ትሁንልኝ፣ ከዚያ ሽማግሌም ይምጣ። መኪናዋ ባለቤታቸው አቶ ፍስሃ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን አናጢ ገዝተው የተዉላቸው ናት። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ መሪዋን የጨበጠ ዘገዬ ብቻ ነው። ያበላሻትም እሱው ነው።

አየሩ ተወራ። በርበሬ ከገበያ መጥፋቱም ተወራ። ከዚያ ወይዘሮ ደብሪቱ ድምፃቸውን ኮፈኑ ሥር እስኪደርስ ያህል ብቻ ከፍ አድርገው፣ የዛሬ ልጆች ጥንቃቄ የሚባል ነገር እንደማያውቁ አንስተው አዘኑ።

«ሁሉም ግን አይደሉም» አሉ። «እኔ አንድ ልጅ አውቃለሁ… ተይኝ ብቻ። ጨዋ። ጠንቃቃ። መኪና ውሃ ጠብ ጠብ ብታደርግበት፣ ሌላው ቢሆን ሮጦ በያጅ ጋ አይሄድም ነበር? እሱ ግን አይቸኩልም። ያጠናል፣ ይጠይቃል… መንግሥት ቆጥቡ፣ ቆጥቡ ሲል እኔና አንቺ ስብሰባ ላይ እናንቀላፋለን፤ የሰማው እሱ ብቻ ነው።»

እውነት ነው፣ ዘገዬ ጠይቆ ነበር። ራዲያተሩ አርጅቶ ማንጠባጠብ ሲጀምር አዲስ ከየት ይመጣል? ከውጭ የሚገባ የለም፤ ቢገባም በእሱ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ሲኒማ ኢትዮጵያ አጠገብ የሚቆሙ ታክሲ ነጂዎች ናቸው መላውን የነገሩት፦ በሶ ቆንጠር አድርገህ ጨምርበት፣ ውስጥ ገብቶ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍንልሃል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆንጥሮ ይጨምር ነበር። ለዘገዬ ግን «ቆንጠር» ልክ አይደለም። በሶውን በወንፊት ነፋ፤ በሾርባ ማንኪያ ሰፈረ፤ ማንኪያውን በቢላዋ ጀርባ አስተካከለ። ጨምሮ ሲያበቃ ቢያንስስ ብሎ ተጠራጠረና ደገመ። መድገሙንም ተጠራጠረና ሌላ አከለ። ለጥቂት ቀናት ጠብታዋ ቀጥ አለች፤ እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ተማመነ።

«በወንፊት እኮ ነው የነፋው፣ ዐፊፋዬ። ለሰው እንኳ ሳይነፋ በሚበጠበጥበት ዘመን… እሱ ለብረት ነፋ። እንግዲህ ለብረት እንዲህ የሚሳሳ ልጅ፣ ሚስት ቢያገባ ምን ሊያደርጋት ነው? እስቲ አስቢው።»

ዐፊፋ ስታስበው ሻርፗን ወደ አፏ አስጠጋች።

ዘገዬ መፍቻውን ከጥርሱ አውጥቶ አንድ ቃል ቢናገር ደስ ባለው። ግን እጆቹ ተይዘዋል። ባይያዙስ ምን ይላል? ስሙ አልተጠራ። «እኔ ለመቆጠብ ብዬ ነው» ቢል፣ አንተን ማን አነሳህ ልጄ፣ ብለው ይጠይቁታል፤ እሱን ደግሞ ከጥያቄው የሚያወጣው የለም። ዝም ያለ ሰው ቢያንስ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሌላ ሰው ሊሆን ወሰነ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሽንኩርት እየላጡ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ጊዮርጊስ ዕለት ተጠጉ።

ያን ዕለት ዘገዬ ምብራትን ከጎኑ አስቀምጦ እሳቸውን ከቅዳሴ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ከማኅበራቸው ሴቶች ጋር በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ፊያቷ ከፊታቸው ደረሰችና አቃሰተች። የራዲያተሩ ክዳን ተስፈንጥሮ ሄደ። ኮፈኑ ሲከፈት ትኩስ የገብስ ገንፎ እየተንፈቀፈቀ በመብራቶቹ ላይ ይወርድ ጀመር። ሆዱን ባዶ አድርጎ ሲያስቀድስ ያረፈደ ሁሉ ሽታው ሲደርሰው ምራቁን ዋጠ። የአራዳ ሰው ደግሞ ገንፎ አይቶ ዝም አይልም፤ ገንፎ የሚገኘው አራስ ቤት ነው። አንዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፤ መኪናዋን ይሁን ምብራትን አልለየም። ሌላው ወንድ ነው ሴት ብሎ ጠየቀ። ከመንገዱ ማዶ እልልታ ተሰማ። ምብራት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ እንጂ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ያወቀ አልነበረም።

«እኔ ምን ቅር ይለኛል?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ወልዶ ገንፎ ማብላት የማንም ነው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ፣ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ፣ በማኅበርተኛ ፊት ገንፎውን አስቀድሞ የሚያደርስ ትጉህ ግን… አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው እኮ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። አራሷ እንዴት ናት ይሉኛል። ደህና ናት እላለሁ… ግቢ ውስጥ ናት፣ አፏን ከፍታ ቆማለች።»

ሳሎን ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የምብራት ሳቅ አመለጠና ወዲያው ታፈነ። ዘገዬ ያችን ሳቅ ሰምቶ ትንሽ ተጽናና። በዚያች ቅጽበት ራዲያተሩ ከእጁ ሊንሸራተት ሲል በጉልበቱ ደገፈው።

የቀድሞው ራዲያተር አልዳነም። በሶው በቀጫጭን ቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ቀርቷል። ዘገዬ መርካቶ ወርዶ በምናለሽ ተራ የብረት ክምር መሃል ሲበረብር ሰነበተ፤ የፊያቷ ዓይነት ጠፋና የሌላ መኪና አሮጌ ራዲያተር ይዞ መጣ። የዐፊፋ ባል ረሻድ ቆርቆሮ በያጅ ነው፤ የነቃውን ቦታ በየደለት። ቁመቱ ልክ ነው፣ ስፋቱም ልክ ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳዎች ግን አንዳቸውም ከፊያቷ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ዘገዬ እንዳይንቀጠቀጥ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈና፣ ዳርና ዳሩን በላሜራ ቁራጭና በሽቦ ያስር ጀመር።

«ልክ ሲወስድ ብታዪው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የሽቦውን ድምፅ ሰምተው። «በሜትር፣ በእርሳስ… ደግሞ በሜትር። ለክቶ ለክቶ ልኩ ያልሆነውን ይዞ መጣ። ምን ይደረግ? ልክ የሆነው ቀድሞ ተወስዶ አልቋል። እናትም እኮ ለልጇ እንዲሁ ናት፣ ዐፊፋዬ። ልኳን ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች… በመጨረሻ የተገኘውን በሽቦ አስራ ትኖራለች። በሽቦ የታሰረስ አይከርምም? ይከርማል። ይንቋቋ ይሆናል እንጂ ይከርማል።»

የዘገዬ እጅ ቆመ። ይህ ስለ መኪና አልነበረም፤ ስለ ነገ ነው። እሺ ማለታቸው ነው ወይስ እምቢ? አረፍተ ነገሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ለካው፤ አልገጠመለትም። ሽማግሌዎቹን ዛሬውኑ ሄዶ ቅሩልኝ ማለት ይሻል ይሆን ብሎ አሰበ። አንደኛው የሚኖሩት ስድስት ኪሎ ነው፤ አሁን ቢነሳ ይደርስባቸዋል። ግን መጀመሪያ ሽቦው መጥበቅ ነበረበት።

አጠበቀው። ቱቦዎቹን አሰረ። መፍቻውን ከጥርሱ አውጥቶ መሬት ላይ አኖረና፣ ውሃውን በማንቆርቆሪያ ቀስ እያለ ጨመረ። ከመኪናዋ ሥር ደረቅ ጆንያ አነጠፈ፤ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ጆንያው ይናገራል። ከዚያ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

ፊያቷ አሳላት፣ አጉረመረመች፣ ከዚያም ረጋ ብላ ታንጎራጉር ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ሽንኩርት መላጡን አቆሙ። የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ወጣ፤ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። ዘገዬ ወርዶ ተንበረከከና ጆንያውን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። መዳፉን ተጠራጠረና በሌላው እጁ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሱ፤ ወደ መኪናዋ መጡ፤ ዘገዬን ሳያዩ በአጠገቡ አልፈው ራዲያተሩ ላይ ጎንበስ አሉና አሸተቱ።

«ሽታዋም ጠፋ እኮ፣ ዐፊፋዬ» አሉ ቀና ብለው። «እኔስ ለምጄው ነበር… ማለዳ ማለዳ ቁርስ ቁርስ ትለኝ ነበር።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ዘገዬ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሥራ እንዳልጨረሰ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ኮፈኑ ሥር መለሰ፤ የጠበቀ ሽቦ እንደገና ሊያጠብቅ።

«እስቲ ያን ልጅ እንመርቀው» ሲሉ ሰማ። «ብናማው ምን እናገኛለን? እጁን ይባርክለት።»

ዐፊፋ መዳፎቿን ዘርግታ አሚን አለች።

«ቤቱን ሙሉ ያድርግለት።»

ዐፊፋ አሚን አለች።

«ልቡ የወደዳትን ይስጠው… ወልዶ ይሳም፣ እውነተኛውን ገንፎ ያብላን።»

ዐፊፋ አፏን ልትከፍት ስትል ከኮፈኑ ሥር ሌላ ድምፅ ቀደማት። «አሜን» አለ ዘገዬ፣ ጮክ ብሎ፣ ከልቡ። አስቦበት አይደለም። ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን ሳይል የቀረበት ቀን የለም፤ ልጅ ሆኖ ዝም ሲል ጆሮውን እየተቆነጠጠ ያደገ ነው። ከሽንኩርቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኖ የቆየው ልጅ፣ ምርቃት ሲመጣ ራሱን ሆነ። ቃሉን ሊመልሰው ቢፈልግ ወጥቷል። ቀና ሲል ኮፈኑ አናቱን መታው።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ዐፊፋ ሻርፗን ነከሰች። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ዞር እንኳ አላሉም፤ የተዘረጋው መዳፋቸውም አልታጠፈም። ነገ በዚሁ በረንዳ ላይ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጡትን መልስ ዛሬውኑ፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ ቀስ አድርገው ጨረሱት።

«ለአማቱም ዕድሜ ይስጥለት» አሉ፣ ድምፃቸው ማር ሆኖ። «ጉልበቷን አያድክምበት፣ ዓይኗን አያፍዝዝበት፣ አንደበቷን አይያዝበት… ከቤቱ አይለያት፣ እሱ ሸብቶ እንኳ ከዚያች መኪና የኋላ ወንበር አያውርዳት።»